ክርክር፦ ከፊልሙ ስም አጠገብ «ጥቁርና ነጭ» ተብሎ ይጻፍ ወይስ ይቅር?

የለንደኗ፦ ሰላም ቤተሰብ። እዚህ እንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ዝርዝር ላይ አሮጌ ፊልም ሲኖር «ጥቁርና ነጭ» የሚል ምልክት ያደርጉበታል። ልጄ ያቺን ምልክት ካየ አለቀ፣ ታሪኩን እንኳን ሳያነብ ሪሞቱን ይጫናል። ምልክቱ ይኑር ወይስ ይቅር?

የፒያሳ ልጅ፦ ይኑር እንጂ! ሰው ከሥራ ደክሞ ገብቶ ምን እንደሚያይ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ካልሆነ ቀለም ቀብተው ያሳዩን።

እናት ዓለም፦ ወንድሜ፣ ቀለም መቀባቱን አጥብቄ እቃወማለሁ። ተሞክሯል። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካዊው ቴድ ተርነር የገዛቸውን አሮጌ ፊልሞች በኮምፒውተር ቀለም ሲያስቀባ ስንት ዳይሬክተር ጮኸ! የጆን ሂውስተን የ1950 ፊልም ተቀብቶ በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ሊታይ ሲል ወራሾቹ ከሰሱ። በ1991 የአገሪቱ ሰበር ፍርድ ቤት ፈረደላቸው።

ምልክቱም ቢሆን መረጃ ብቻ አይደለም። ቢቢሲ ሁለት በ1967 የቀለም ስርጭት ሲጀምር፣ ራዲዮ ታይምስ መጽሔት ምልክት የሚያደርገው በቀለም ለሚታዩት ነበር። ቀለም ብርቅ ነበራ! ቀለም ሲለመድ ምልክቱ ወደ ጥቁርና ነጩ ዞረ። ያኔ «ኑ እዩ» ይል የነበረው ዛሬ «ተጠንቀቁ» የሚል ይመስላል። ዓመቱና የዳይሬክተሩ ስም ይጻፍ፣ ይበቃል። 1942 የሚል ያነበበ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

የራሳችንንም እንይ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ጥቁርና ነጭ ነው። የገበሬው ግንባር ላይ ያለው መስመር፣ አቧራው፣ የበሬዎቹ ጀርባ ላይ ያረፈው ፀሐይ። እስኪ ያንን ቀለም ቀባው!

የፒያሳ ልጅ፦ እሺ እህቴ፣ መቀባቱን ትቻለሁ። ምልክቱን ግን አልለቅም። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል። በጥቁርና ነጭ ሰው ከሰው አይለዩም፤ «ይኼ የቱ ነው?» እያሉ ፊልሙ ያልቅባቸዋል። ለእሳቸው ቀድሞ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

እናት ዓለም፦ ይኼንን አላሰብኩትም ነበር፣ እውነትህን ነው። እንግዲያው ከስሙ አጠገብ ሳይሆን ማብራሪያው ውስጥ ይግባ። የፊልሙ ርዝመት፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን የሚጻፍበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ። የሚፈልገው ከፍቶ ያየዋል።

የለንደኗ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ቅዳሜ ማታ ሪሞቱን እኔ እይዛለሁ፣ ዝርዝሩን ሳላሳየው አንዱን እከፍትለታለሁ። ምን እንዳለ እነግራችኋለሁ።