«ኩፍኝ ወጥቶልን ነው ያደግነው»፦ ክትባት ለትምህርት ቤት ምዝገባ ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን?

ዘብ፦ የአሜሪካዋ የፍሎሪዳ ግዛት የጤና ኃላፊ በሴፕቴምበር 2025 የክትባት ግዴታን ሁሉ እናነሳለን ማለታቸውን ያሞገሱ የቡድናችን አባል «እኛም ኩፍኝ ወጥቶልን ነው ያደግነው» ብለው ጽፈዋል። ይህን መጻፍ የቻሉት ስላደጉ ነው፤ በኩፍኝ የተቀበሩት ሕፃናት አስተያየት አይሰጡም።

የጎጃሙ፦ ያሞገስኩት እኔ ነኝ። የተቃወምኩት ክትባትን ሳይሆን መንግሥት በልጄ አካል ላይ ማዘዙን ነው። ደግሞስ በፓስፊክ ደሴቷ አገር ሳሞአ ውስጥ በ2018 ሁለት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ተከትበው በዚያው ቀን አልሞቱም?

ሲስተር፦ ሳሞአን ካነሱ እስከ መጨረሻው ያንሱት እንጂ። ነርሶቹ የክትባቱን ዱቄት በውኃ ፈንታ ጊዜው ባለፈበት፣ ጡንቻ በሚያዝል መድኃኒት በጠበጡት፤ ሁለቱም ታሰሩ። መንግሥት ክትባቱን ለወራት አቆመ፣ ወላጅም ፈራ፤ በ2019 ኩፍኝ ሲገባ ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ባላት አገር 83 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹም ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ። በዲሴምበር አገሩ ሥራ ዘግቶ፣ ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤት ደጃፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እንዲሰቅል ታዘዘ፤ ከታቢዎቹም ጨርቁን እያዩ ቤት ለቤት ዞሩ።

የጎጃሙ፦ እንግዲያው ወላጁ የፈራው በከንቱ አልነበረም።

ዘብ፦ ስለ ፍርሃቱ ማን ጠየቀዎት? «ያደግነው» ላሉት ገና መልስ አልሰጡም።

እናት ዓለም፦ እናንተ በፍሎሪዳ ትነታረካላችሁ፤ የገጠሯን እናት ግን ያስቸገራት የግዴታ መኖር አለመኖር አይደለም። ዐሥር ልጅ የሚከተብበት የኩፍኝ ብልቃጥ አንዴ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፤ ስለዚህ ሁለት ልጅ ብቻ ሲመጣ ባለሙያዋ ለመክፈት ታመነታለች፣ የዘጠኝ ወር ልጅ አዝላ ረጅም መንገድ የመጣችውም እናት «በሚቀጥለው ቀጠሮ» ተብላ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ አጨዳ ይሆናል።

ሲስተር፦ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ነው የሚለው።

እናት ዓለም፦ ብክነቱ ሪፖርት ላይ ሲወጣ ባለሙያዋን የሚገመግማት የዓለም ጤና ድርጅት አይደለም፣ እህቴ።

የጎጃሙ፦ ክትባቱ በቅጡ ባልተዳረሰበት ስለ ግዴታ ማውራት ቅንጦት ነው፤ እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው።

ዘብ፦ ያሉት ከላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ አይደለም። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ መከተብ አለበት፤ ዕድሜው ገና ያልደረሰ የጎረቤትዎ ሕፃን የሚጠለለው በእርስዎ ልጆች ክትባት ነው።

የጎጃሙ፦ የእኔ ልጆች ተከትበዋል፤ ካርዳቸውም እጄ ላይ አለ።

ዘብ፦ ኩፍኝ ወጥቶ የሚታደግበት ነገር ከሆነ ምን ሊያደርግልዎት አስከተቧቸው?

የጎጃሙ፦ ወድጄ ነዋ! ተገድጄ አይደለም።