ደሴ ላይ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመምረጥ ምኑ ይታይ?

የቦርከና ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ መጨረሻ ምዝገባ ሲጀመር ሁለት ልጆች ደሴ ውስጥ መንግሥት ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ትልቁ 4ኛ፣ ትንሿ 1ኛ ክፍል። ከኮምቦልቻ ነው የሚዛወሩት። በእግር የሚደረሱት ትምህርት ቤቶች ሁለት ናቸው። አንዱ በ8ኛ ክፍል ውጤት ስሙ የተጠራ፣ ከሌላ ቀበሌ ሳይቀር ወላጅ የሚጋፋበት ነው፤ በአንድ ክፍል ከ70 በላይ ልጅ ይቀመጣል ይባላል። ሌላው ጸጥ ያለ፣ ሕንፃው ያረጀ፣ በኢንስፔክሽን «ደረጃ 2» የተሰጠው፣ ክፍሉ 45 ገደማ የሚይዝ ነው።

«አሪፍ ነው»፣ «አይረባም» የሚለውን ከሰፈር በበቂ ሰምቻለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ በግማሽ ቀን ምን አይቶ፣ የትኛውን ወረቀት ጠይቆ መለየት ይቻላል? የኢንስፔክሽኑ ደረጃስ ምን ያህል ይታመናል?

ጠመኔ

አብሽሪ እህቴ፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። ግን 8ኛ ክፍሉን ለጊዜው ተዪው፤ የትምህርት ቤት ገመና ያለው 2ኛና 3ኛ ክፍል ውስጥ ነው። ርዕሰ መምህሩ የሚጠየቀው በክልላዊ ፈተና ውጤት ስለሆነ ጠንካራ መምህር ሲያገኝ ወደ ላይኛው ክፍል መውሰድ ይቀናዋል። አዲስ ተመዳቢው፣ ጡረታ የተቃረበው፣ ላይኛው ክፍል ላይ ቅሬታ የበዛበት 1ኛ ክፍል ይሰጠዋል። ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲህ ነው አይባልም፤ የሆነው ግን በሦስት ጥያቄ ይታወቃል። 1ኛ ክፍልን ማን ያዘ? 1ኛ ክፍል ሲያስተምር ስንተኛ ዓመቱ ነው? ልጆቹን ይዞ ወደ 2ኛ ያልፋል ወይስ በየዓመቱ ይቀያየራል? በታችኛው እርከን አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምር ከሆነ የእሱ ድክመት የልጁን ዓመት ሙሉ ይበላል።

ንባቡን ለመለካት ክፍል መግባት አያስፈልግም። ከዚያ ትምህርት ቤት 2ኛን ጨርሰው ወደ 3ኛ የሚያልፉ አራት አምስት የሰፈር ልጆች ፈልጊ፤ በወላጃቸው ፈቃድ፣ ሰው ሳይሰበሰብባቸው። «ሀ ሁ በሉልኝ» አትበያቸው። ዜማውን የያዘ ልጅ 231ዱንም ፊደል ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል፤ ያ የቃል ትምህርት ነው። ከጋዜጣ ወይም ከግድግዳ ማስታወቂያ ላይ ዘለል ዘለል እያልሽ ጠቁሚ፦ ቴ፣ ግ፣ ሎ፣ ኘ፣ ር፣ ጩ። ልጆች የሚሰናከሉት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መልካቸው የሚቀራረብ ፊደሎች ላይ ነው፤ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ። ሁለተኛው ሳድስ ነው። ካዕብና ሐምስ እያንዳንዳቸው ምልክታቸው ከፊደል ፊደል በአብዛኛው አይለወጥም፤ ሳድስ ግን ል በራሱ፣ ድ በራሱ፣ ግ በራሱ መልክ ስለሚመጣ አንድ በአንድ ካልተጠና አይያዝም። ሳድስ ላይ የሚንገዳገድ ልጅ ከበዛ መምህሩ ገበታውን በዜማ ብቻ አልፎታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ለ2ኛ ክፍል የማይከብድ አጭር አንቀጽ ለአንድ ደቂቃ አስነብቢ፤ ከዚያ ስላነበበው ሁለት ጥያቄ ጠይቂው። ፊደል እየቆጠረ የሚሄድ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። በመጨረሻ «ገና ገና አልደረሰም» ብለሽ ጻፊለት። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ አንዱን አጥብቆ ሌላውን አላልቶ ያነበበ ልጅ ነገሩ ገብቶታል። ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያለፈ ፊደል ያውቃል፣ ንባቡ ግን ይቀረዋል።

ለሒሳብ 52 ሲቀነስ 27 ይበቃል። 35 ያለ ልጅ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ ነው፤ መበደር አልገባውም። አንድ ልጅ ቢስት የልጁ ጉዳይ ነው። ከአምስት አራቱ 35 ካሉ ግን የክፍሉ ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ ለሚል፦ በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና 2ኛ ክፍል ከነበሩት ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ክፍል መቁጠርና መማር የተለያዩ ናቸው።

የደብተር ሰው

በጠመኔ ላይ ደብተር ይጨመር። የዘንድሮው ደብተር የቆሎ መጠቅለያ ሳይሆን ድረሺበት። የአንድ ክፍል ሦስት ልጆች፣ የሒሳብና የአማርኛ ይበቃል፤ ግን የደረጃ ተማሪ ደብተር አይሁን፤ ትምህርት ቤቱ አውጥቶ የሚያሳየው ሁልጊዜ እሱን ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ተከታተዪ። ከኅዳር 10 ወደ ታኅሣሥ 2 የሚዘል ከሆነ ያ ሦስት ሳምንት የት ገባ? የአንዱ ብቻ ከዘለለ ልጁ ቀርቷል። የሦስቱም በአንድ ቀን ተቋርጦ በአንድ ቀን ከቀጠለ መምህሩ አልገባም፣ ወይም ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ እርማቱ። ገጹ በሙሉ ራይት ተደርጎ «ትምርት» የሚለው ስህተት እንዳለ ካለ መምህሩ ፈረመ እንጂ አላረመም። ከዚያ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ቃል በቃል አንድ ከሆኑ ከሰሌዳ የተገለበጡ ናቸው። ልጁ ራሱ የመሠረተው ዓረፍተ ነገር፣ ራሱ የጻፈው አንቀጽ ፈልጊ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ከሌለ ልጁ ገልባጭ ሆኖ ነው የከረመው።

ስለ 70 ልጅ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆን 2,400 ሴኮንድ ነው። ለ70 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 34 ሴኮንድ፣ ለ45 ሲካፈል 53 ሴኮንድ ይደርሰዋል፤ ያውም ስም ጥሪውና ጸጥታ ማስከበሩ ሳይቀነስ። አንድ ደብተር በአንድ ደቂቃ ቢታረም እንኳ 70ው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በየቀኑ አይታረምም። ለ7ኛ ክፍል ልጅ ይህ ይቻል ይሆናል፤ ፊደል ለሚይዝ ልጅ ግን ብዙ ያጎድላል።

«መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር ስታዪ ሁለት ቁጥር ጠይቂ፦ መስከረም ላይ ስንት ተመዘገበ፣ ሰኔ ላይ ስንት ተፈተነ? መሐል የጠፋው ማነው? ከተፈተኑትስ ስንቱ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እዚያው የተማሩ ናቸው? ስም ያለው ትምህርት ቤት 7ኛ ላይ ከየቦታው ጎበዝ ይሰበስባል፤ የሌላውን ሥራ ነው የሚያጭደው። በአዲሱ ፖሊሲ ደግሞ አንደኛ ደረጃ 1–6፣ መካከለኛ ደረጃ 7–8 ስለሆነ የ8ኛ ውጤት ስለ 1ኛ ክፍሏ ልጅሽ የሚነግርሽ ያንሳል።

ኩረጃንም አትርሺ። የ2014 ተፈታኞች የ12ኛ ክፍልን ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲወስዱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበረው ውጤት በምን ተሸፍኖ እንደኖረ ያኔ ታየ። ታች ክፍል ላይ ይህን የሚያጋልጠው ሮስተር (የክፍሉ ተማሪዎች ማርክ በሙሉ የሚሰፍርበት ሰንጠረዥ) ነው፦ ተከታታይ ምዘናው ለሁሉም ሞልቶ ማጠቃለያ ፈተናው ወድቆ ከታየ፣ የምዘናው ማርክ ከአየር ላይ ነው የመጣው።

ከጉድኝት

ስለ ኢንስፔክሽኑ እኔ ልመልስልዎ። ማዕቀፉ 26 መስፈርቶች አሉት፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ50 ጀምሮ 70 እስካልሞላ ደረጃ 2፣ ከ70 ጀምሮ 90 እስካልሞላ ደረጃ 3፣ 90ና ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው። 51 ያመጣውም 69 ያመጣውም «ደረጃ 2» ይባላል፤ ስለዚህ ደረጃውን ብቻ ሰምተው አይመለሱ፣ ዝርዝሩን ይጠይቁ።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ትምህርት ቤቶች እኩል 60 ቢያመጡ፣ አንዱ ግብዓት 20፣ ሂደት 16፣ ውጤት 24 ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ግብዓት 9፣ ሂደት 28፣ ውጤት 23። የመጀመሪያው ሕንፃና ዕቃ አለው፣ ማስተማሩ ደካማ ነው። ሁለተኛው አጥሩ የፈረሰ፣ መምህሩ ግን የሚሠራ ነው። ልጅ የሚውለው ሂደቱ ውስጥ ነውና እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ያረጀ ሕንፃ በድጎማ ይጠገናል፤ የተበላሸ የማስተማር ልማድ ግን በአንድ ክረምት አይስተካከልም።

የሪፖርቱን ቀንም ይዩ። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከተያዙ በኋላ የብዙ ትምህርት ቤቶች ወንበር፣ ኮምፒውተርና ሰነድ ተዘርፏል፣ ወድሟል። ከዚያ በፊት የተሰጠ የግብዓት ነጥብ የዛሬውን አይናገርም። ውጤትን ከዓመት ዓመት ሲያወዳድሩም እንዲሁ፤ መጋቢት 2012 በኮሮና የተዘጋው ትምህርት ቤትና የ2014ቱ ጉድለት በተለይ ያኔ ታች ክፍል የነበሩትን ተማሪዎች ተከትሏል።

ከሪፖርቱ ጋር የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅዱን ያስወጡ። ኢንስፔክተሩ የጻፈው ድክመት ዕቅዱ ላይ በስሙ፣ ከነኃላፊውና ከነጊዜው ከተቀመጠ ጥሩ ነው። ዕቅዱ ከአምና የተገለበጠ ከሆነ ቀኑ እንኳ ሳይቀየር ያገኙታል።

ከደብተር ሰው ጋር አንድ ቦታ አልስማማም። 45 ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ክፍል ስለበቃ ነው 45 የሆነው ወይስ ወላጅ ስለሸሸ? የሦስት ዓመት ምዝገባ ቁጥር ይጠይቁ። እየቀነሰ ከሆነ የሄዱትን ሁለት ወላጆች ፈልገው ምክንያቱን ይስሙ።

የቦርከና ማዶ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሮስተርና ሪፖርት ለተራ ወላጅ ያሳያሉ? ደግሞም ነሐሴ ላይ ክፍሉ ባዶ ነው፤ ባዶ ክፍል ምን ይታይበታል?

የደላንታ ነፋስ

ሮስተሩ ላይ የሌሎች ልጆች ስም ስላለ አናሳይም ቢሉ አይፈረድባቸውም። የክፍሉን አማካይ፣ ያለፈና የደገመ ብዛት ብቻ ጠይቂ። እሱንም ካንገራገሩ በወመህ (ወላጅ መምህር ኅብረት) በኩል ሂጂ፤ የወላጅ ተወካዮቹ ሪፖርቱ ሲቀርብ ስለሚሰበሰቡ ያውቁታል። የድጎማው ገቢና ወጪ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እንደሆነም ያኔ እዪ።

ባዶ ክፍል ብዙ ይናገራል። ኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተቀምጠሽ ሰሌዳውን ተመልከች፤ ቀለሙ አልቆ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ጎን የተቀመጠ ልጅ ብርሃን እንጂ ጽሑፍ አያይም። ፈረቃ ያለበት ቤት ደግሞ 1ኛ ክፍል የ7ኛ ክፍል ዴስክ ላይ ይቀመጣል። እግሩ መሬት የማይነካ፣ ክርኑ ጠረጴዛው ላይ የማይደርስ ልጅ እጅ ጽሕፈቱ አይስተካከልም፤ ወላጅ ግን ልጁን «ሰነፍ» ይለዋል። የመስኮት መስታወት ቁጠሪ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጦሳ የሚወርደውን የጠዋት ብርድ በካርቶን የተሸፈነ መስኮት አይመክተውም፣ ካርቶኑ ደግሞ ብርሃኑን ይወስዳል።

መጸዳጃ ቤቱን በዓይንሽ ሳታዪ አትመለሺ። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለ25 ሴት ልጆች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና አንድ የሽንት ቦታ ነው፤ ብዙ ቦታ ከዚህ ይርቃል። ከቁጥሩ በላይ ግን ይህን ልብ በይ፦ የሴቶቹ በር ከውስጥ ይቆለፋል? ውሃ አጠገቡ አለ? ቁልፉ የማን ኪስ ውስጥ ነው? ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ለልጅ የለም ማለት ነው።

መጽሐፍ ሲባል «ደርሷል» የሚል መልስ አይበቃም። ግቡ አንድ መጽሐፍ ለአንድ ተማሪ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከገባ ወዲህ እጥረቱ ስለበረታ፣ ስንት ልጅ በአንድ እንደሚጠቀም፣ ወደ ቤት ይዞ ይሄድ እንደሆነ ወይስ ቁምሳጥን ውስጥ እንደሚያድር ጠይቂ።

ከከተማ ወጣ ያለ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ካለ አቴንዳንሱን የገበያ ቀን ያውጣ። ባቲ አካባቢ ከሆነ ሰኞን፣ ሌላውም ቦታ የየራሱን። ኅዳር ላይ አጨዳ፣ በበልግ አገር ደግሞ የካቲት ላይ ዘር ልጅ ያስቀራል። በእነዚያ ቀናት ሁሉም «ተገኝቷል» ከተባለና ምልክቱ በአንድ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ወጥ ከሆነ፣ ቅዳሜ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ነው።

ጠመኔ

የቀረ ነገር ቢኖር መስከረም ነው። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱንም ትምህርት ቤት ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ በአጥሩ በኩል እለፊ። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ወጥቶ ክፍል ውስጥ ድምፅ ካለ ደህና ነው። ልጆቹ ሜዳ ላይ ኳስ ከሆኑና «መምህር አልተመደበም» ከተባለ፣ ያ ቤት ጥቅምትንም እንዲሁ ነው የሚጨርሰው።

እኔን ከጠየቅሽኝ የ1ኛ ክፍሉ መምህር መልስ ካጠገበሽና የአራት ልጆች ንባብ ደህና ከሆነ ሁለቱንም ወደ 45ቱ ውሰጂ። የ4ኛ ክፍሉ ለብቻው ወደ ስመ ጥሩው ቢሄድ እንኳ ፈረቃቸው ይለያይና ትንሿን የሚያመላልስ ይጠፋል።

የትልቁን መሸኛና ካርድ ግን ከኮምቦልቻ ቶሎ አውጪ። ክረምት ላይ ሪከርድ ክፍሉ ሰው የማይገኝበት ቀን ይበዛል፤ የወሰደው መጽሐፍ ካልተመለሰም መሸኛው አይፈረምም።