ጥቅምት ላይ ፈረንሳይ የወይን ቅምሻ ጉዞ፦ ይሄን ፓኬጅ እንግዛ ወይስ እንተወው?

ጠያቂ፦ የፍራንክፈርቷ
ሰላም ቤተሰብ። ሦስት ጓደኛሞች ነን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር አጋማሽ 4 ቀን እረፍት አለን። ያየነው ፓኬጅ ሦስት የወይን ክልሎችን፣ ሻምፓኝን፣ አልዛስንና ቡርጎኝን በአውቶቡስ ያዞራል፣ በቀን አራት የወይን አምራች ቤት ቅምሻ ይላል። እኔ ስለ ወይን የማውቀው ቀይና ነጭ መኖሩን ነው። አንዷ ጓደኛችን ደግሞ ጽጌን ስለምትጾም አልኮል አትነካም፣ ምግቡም ያሳስበናል። ምን ትላላችሁ? እና ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የቀመሱትን መትፋት የምር ነው?

የሊዮን ነዋሪ፦
እህቴ ተይው። በ4 ቀን ሦስቱንም ማለት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ማየት ነው። አልዛስ ብቻ ይበቃችኋል። ከፍራንክፈርት ስትራስቡርግ በቀጥታ ባቡር 2 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ ኮልማር የምትባለው ከተማ ግማሽ ሰዓት። የአልዛስ የወይን መንገድ የሚባለው 170 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም መንደሮቹ ተጠጋግተው ነው ያሉት፣ ከኮልማር በትንሽ ቫን የሚያዞሩ አስጎብኚዎች አሉ። ሪክቪር የምትባለውን መንደር እንዳታልፏት። ለጀማሪ ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፦ እዚያ ጠርሙሱ ላይ የፍሬው ዓይነት ይጻፋል፣ ሪዝሊንግ ከሆነ ሪዝሊንግ ይላል። ቡርጎኝ ግን የመንደርና የማሳ ስም አንብበሽ ውስጡ ምን እንዳለ ራስሽ እወቂው ነው።

ሁለቴ የሄደ፦
መትፋቱ የምር ነው፣ ማንም አይቀየምም። ጠረጴዛው ላይ መትፊያ ዕቃ ይቀመጣል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው የቀዳልህን መትፋት ነውር ነው ብለን ስላደግን፣ አፍሬ ሁሉንም ዋጥኩት። አንድ ቤት አምስት ስድስት ዓይነት ይቀዳል። ሦስተኛው ቤት ስንደርስ አስጎብኚው የሚያወራው በየት ቋንቋ እንደሆነ ጠፋኝ። በቀን ሁለት ቤት ይበቃል፣ ቁርስ ሳትበሉ እንዳትወጡ። ሽቶ አትቀቡ፣ የወይኑን ሽታ ያጠፋባችኋል። ጃኬት ያዙ፣ ምድር ቤቱ ይበርዳል። መኪና ተከራይተን ራሳችን እንንዳ እንዳትሉ ደግሞ፣ ገደቡ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ አዲስ መንጃ ፈቃድ ላለው 0.2።

የቦን ወዳጅ፦
ቡርጎኝን እንዲህ አታጣጥሉት እንጂ! ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ወርቅ ሲሆን ከዲጆን እስከ ቦን (የቡርጎኟ ከተማ እንጂ የጀርመኗ አይደለችም) ያለውን ኮረብታ ያየ ሰው ሌላ አያምረውም። ማሳዎቹም በፈረንጆቹ 2015 ዩኔስኮ የመዘገባቸው ናቸው። ግን ለ4 ቀን አንድ ክልል ምረጡ በሚለው እስማማለሁ። ሌላው፣ አልዛስ ከሄዳችሁ የወይን ፍሬ ለቀማው ላያልቅ ይችላል፣ ትንንሾቹ አምራቾች ያኔ እንግዳ ለመቀበል ጊዜ የላቸውም። ቀድማችሁ ደውሉ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ደግሞ ብዙው ቤት ለምሳ ይዘጋል (በኛ ሰዓት ነው የነገርኳችሁ፣ በነሱ ከ12 እስከ 14)።

እማማ ከስትራስቡርግ፦
ልጆቼ፣ ጾመኛዋ አትጨነቅ። የወይን ጭማቂ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ። ምግቡን ግን ለአስጎብኚው ቀድማችሁ ቪጋን ብላችሁ ንገሩት። እዚህ የታወቀው ስስ ቂጣ ታርት ፍላምቤ ላዩ ክሬምና የአሳማ ሥጋ ነው። በዚያ ወቅት ገና እየፈላ ያለ አዲስ ወይን ይሸጣል፣ ከዎልነት ጋር ነው የሚጠጡት። ደፍረስ ያለ ነው፣ እንደ ብርዝ እየጣፈጠ ይወርድና በኋላ ጭንቅላት ይይዛል። ጋዙ እንዲወጣ ክዳኑ አይታሸግም። እኔ ሳላውቅ ቦርሳ ውስጥ አጋድሜው ነጠላዬንም መጽሐፌንም አጠበልኝ።

የፍራንክፈርቷ፦
ተባረኩ! ፓኬጁን ትተነዋል። ኮልማር አድረን ቫን፣ በቀን ሁለት ቤት። የቡርጎኙ ወንድሜ፣ ያንተን ለሚቀጥለው ዓመት ይዘነዋል። ጾመኛዋ የጠርሙስ ኃላፊ ሆናለች፣ አዲሱን ወይን እስከ ፍራንክፈርት ቀጥ አድርጋ እቅፏ ላይ ልትይዝ ምላለች።