ዱካክ ነው ወይስ የግንባሩ ነገር? ከግዳጅ የተመለሰ ወንድም እንቅልፍ

የሳቢያን እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ በቦርድ ተሰናብቶ ድሬ ከገባ ሦስተኛ ወሩ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እየጮኸ ይነሳል፤ ከዚያ እስኪነጋ ግቢ ውስጥ ይዞራል፣ በሩን ደጋግሞ ያያል። ከሰዓት ይቅማል፣ ማታ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ ለጨብሲ፣ ይወጣል። እናታችን «ዱካክ ነው፣ የጫት ቅዠት ነው፣ ጫቱ ይቅርበት» ትላለች፤ ለታኅሣሥ ቁልቢ ይዛው ልትሄድም ተስላለች። አጎታችን ደግሞ «ወታደር እንዲህ አይሆንም» ብሎ ተቆጣው። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አይናገርም። ዱካኩን ከሌላው በምን እለየዋለሁ? ሲጮህስ እንዴት ልቀስቅሰው? ባለፈው ስነካው እጄን ጠምዝዞ ያዘኝ።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
እህቴ፣ ከአቀሳቀሱ ልጀምር፤ ዛሬ ማታ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። ትከሻውን አትንኪ፣ ከራስጌውም አትቁሚ። በእግርጌው በኩል፣ እጁ ከማይደርስበት ሁለት ሜትር ያህል ርቀሽ ቁሚና መብራት አብሪ። ስሙን በተለመደው ድምፅሽ ጥሪው። «እኔ ነኝ፣ እህትህ ነኝ፤ ድሬዳዋ ነህ፣ ቤት ነህ» በይው፣ ደጋግሚው። ዓይኑ ተከፍቶም ገና ያልነቃ ሊሆን ይችላል፤ ስምሽን ጠርቶ እስኪመልስልሽ አትጠጊ። ሲነቃ ባዶ እግሩን ሲሚንቶው ላይ ያሳርፍ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስጪው። «ምን አየህ?» አይባልም። እጅሽን ስለጠመዘዘ አትቀየሚው፤ ያ እጅ ድንገት ሲነካ እንዲያ እንዲያደርግ የሠለጠነ ነው። ጠዋት ራሱ ያፍርበታልና አታንሺበት። ልጆች ካሉ ለመቀስቀስ አይላኩ።

ወደ ዱካኩ ስንመጣ፣ እናትሽ ከባዶ ተነስተው አይደለም። ዱካክ የለመደ ሰው ጫት ሲያቋርጥ ወይም ሲያሳንስ ይመጣል፤ በእንቅልፍና በንቃት መሃል አንዳች ነገር ይጫነዋል፣ ያንቀዋል፣ መልኩም ከሌሊት ሌሊት ይለዋወጣል። በቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ገደማ እየቀለለ ይሄዳል። የግንባሩ ቅዠት ግን ያው ራሱ ነው የሚመላለሰው፦ ያው ቦታ፣ ያው ድምፅ፣ ያው ሰው። ቃመም አልቃመም ይመጣል። ቀንም አይለቅም፤ ያስበረግገዋል፣ ወሬው ከተነሳበት ቦታ ያሸሸዋል፣ ድሮ ከሚወደው ነገር ያርቀዋል። እንዲህ ያለው ከአንድ ወር ካለፈ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ እናንተ ሦስተኛው ላይ ናችሁ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ ደብተር ያዢ፦ ስንት ሰዓት እንደቃመ፣ ምን ያህል እንደጠጣ፣ መቼ እንደተኛና እንደተነሳ፣ ሲጮህ ምን እንዳለ። የሁለት ሳምንት መዝገብ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። ግን ደብተሩ እስኪሞላ ብለሽ ቀጠሮውን እንዳታዘገዪ።

ሰዓቱን ደግሞ አስሊው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በግምት አራት ሰዓት ይፈልጋል። በርጫው (መቃሙ) አሥራ ሁለት ሰዓት ካበቃ፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ ማለት ነው። ምርቃናው አልበርድ ሲለው ለጨብሲ ይወጣል። መጠጡ ቶሎ ያስተኛዋል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከደሙ ሲወጣ ግን እንቅልፉ ይሰባበራል፣ ሕልሙ ይበረታል። አምስት ሰዓት ተኝቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጮኹ ለዚህም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ጨብሲው ነው። ጫቱን በአንድ ጊዜ አታስጥሉት፤ በየሳምንቱ ሩብ ያህል ይቀንስ፣ ማብቂያውም ወደ አሥር ሰዓት ይሳብ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጠጡን በድንገት ማቆም ራስን ስቶ መንፈራገጥ ድረስ ሊያደርስ ይችላል፤ እሱ በሐኪም ብቻ ነው።

«መሞት ታስባለህ ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም። አዎ ካለና እንዴት እንደሚያደርገው ካሰበበት ብቻውን አይተው፤ መሣሪያ፣ የተባይ መድኃኒትና የተከማቸ ክኒን ከቤት ይውጣ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የቀድሞ ዘብ፦
አቦ፣ አጎትየው በዚህ አያያዙ አይረዳም። ግንባር ላይ ዘብ ሆኖ ያንቀላፋ ሰው ጓዶቹን ያስፈጃል፤ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሚነቃው ነው የሚመሰገነው። ልጁ እዚያ የተመሰገነበትን ነገር እዚህ እየሠራ ነው፣ የሚተካው ፈረቃ ስላልመጣ እንጂ። በሩን «አትይ» ከማለት ማታ አራት ሰዓት ላይ ከአንድ ሰው ጋር ሆኖ አንድ ጊዜ ይዙር፣ ራሱ ይቆልፍ፣ ቁልፉ እሱ ዘንድ ይደር። ከዚያ በኋላ ባይነሳ ነው የሚሻለው፤ አንድ ጊዜ ባየ ቁጥር ለአምስት ደቂቃ ይቀለዋል፣ ከዚያ ሌላ ማየት ያምረዋል።

አልጋው ጀርባው ግድግዳ ይዞ በሩ የሚታይበት ቦታ ይሁን። በሙቀቱ ምክንያት ግቢ የምትተኙ ከሆነ እሱን አታስገድዱት፤ ገላጣ ቦታ ላይ እንቅልፍ አይወስደውም።

ጣሪያውን አትርሱ። የድሬ ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ሰፍቶ ማታ ሲቀዘቅዝ «ጧ!» ይላል። እናንተ ለምዳችሁት አትሰሙትም፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። በቀን መሰላል አቁመው አብረው ይውጡ፣ የላላውን ሚስማር ራሱ ይምታ፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ በዓይኑ ያየው ሰው ሌሊት ቶሎ ይረጋጋል። ቬንትሌተር ካለ ሌሊቱን ይዙር፣ ጥቃቅኑን ድምፅ ይውጥለታል። ሠፈር ውስጥ ሠርግ ካለ ርችቱ ስንት ሰዓት እንደሚተኮስ ቀድማችሁ ጠይቁና ንገሩት።

ዝምታው ግን ሁሉ ፍርሃት አይደለም። ፍርሃት «ደግሞ ይመጣል» ይላል፤ ጸጸት ደግሞ «እነሱ ሲቀሩ እኔ ለምን ተረፍኩ» ይላል፣ አያያዛቸውም ይለያያል። ለጸጸተኛ ሰው «ጥፋትህ አይደለም» ቶሎ ከተባለ አፉን ይዘጋል፤ እሱ ነበረ፣ እናንተ አልነበራችሁም። «ማን ነበር? ምን ዓይነት ሰው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይሻላል። «ጀግናችን» የሚለውንም ቀንሱት፣ አንዳንዱን ያቆስለዋል። ግንባር ላይ ድንኳን አይጣልም፤ ለጓዱ ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ብዙ ነው። እሱ ራሱ ከፈለገ ብቻ፣ ቀድሞ ተደውሎ ከአንድ ሰው ጋር ይሂድ። ክርስቲያን ከሆኑ ሙት ዓመቱ፣ ሙስሊም ከሆኑ ዱዓው ጥሩ ቀን ነው። ቤተሰቡ የጠየቀውን ይመልስ፣ ያልጠየቀውን አይተርክ፤ አንድ ሰዓት ይበቃል።

የሳቢያን እህት፦
አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። አንድ የረሳሁት፦ ለእግሩ ቁስል ትራማዶል ይወስዳል። ጓደኛው ደግሞ ለእንቅልፍ ብሎ ዲያዜፓም ሰጥቶታል።

ፋርማሲስት ከሐረር፦
አብሽሪ፣ ግን ጓደኛው የሰጠውን ክኒን እየወሰደ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂው። ዲያዜፓም፣ ትራማዶልና መጠጥ በአንድ ሌሊት ከተገናኙ እስትንፋስን ያዳክማሉ፤ ተኝቶ ላይነሳ ይችላል። ዲያዜፓም ለግንባሩ ቅዠት የሚመከር አይደለም፣ ሱስም ያስይዛል። ከጀመረ ሳምንታት ከሆነው ግን በአንዴ አይቁም፣ ሐኪም ደረጃ በደረጃ ያወርድለታል።

ሐኪሙ ሰርትራሊን የሚባል የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። እሱ ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ የመንፈራገጥ አደጋ ስለሚጨምር ትራማዶሉን ሳይደብቅ ይናገር፤ የሕመም ማስታገሻው ሊቀየርለት ይችላል። ጫቱንም «አልፎ አልፎ» ሳይሆን በቀን ምን ያህል እንደሆነ ይንገር። መድኃኒቱ የሚታወቀው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ይህን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። የንግግር ሕክምናም አለ፤ በተለምዶ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይፈጃል፣ ቅዠቱንና ጸጸቱን የሚነካው በዋናነት እሱ ነው።

እናንተ ዘንድ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ እኛ ዘንድ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቁ። የስንብት ደብዳቤውን፣ የቦርድ ወረቀቱን፣ የሚወስዳቸውን ክኒኖች ከነማሸጊያቸውና ያን ደብተር ያዙ። ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጡ፣ ኮፒ ነው የሚሰጠው። ካርዱ ላይ «እንቅልፍ ማጣት» ብቻ ተጽፎ እንዳይቀር የነበረበትን ግዳጅ ይናገር፤ ኋላ ስለ ጉዳት ጥያቄ ሲነሳ የሚፈለገው እሱ ነው።

ቁልቢን በተመለከተ እናትየውን አትከልክሏቸው። ጸበሉም ክኒኑም አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱ ለአንዱ አይቆምም። የታኅሣሥ 19 ሕዝብ ግን ትከሻ ለትከሻ ነው፤ ከኋላው ሰው መቆሙን ለማይችል ሰው ከባድ ነው። ስለቱ «በንግሡ ቀን» ተብሎ ካልተነገረ ወር በገባ በ19 ሊደርስ ይችላል፣ ያኔ ግቢው ይተነፍሳል። የግድ በታኅሣሡ ከሆነም ዋዜማው ሳይደምቅ ገብታችሁ ስለቱን አድርሳችሁ ውጡ፤ በመኪናም በሩ አጠገብ ይቀመጥ፣ መሃል ወንበር ላይ አታስገቡት።