መብራት ጠፍቶ ፎሶሊያው ሊበላሽብኝ ነው፤ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ

ጠያቂዋ (ጎንደር፣ ማራኪ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ መብራት በመጥፋቱ ማቀዝቀዣው ሞቋል። ለእሑዱ ማኅበር ቅዳሜ ገበያ ከሚባለው ቦታ የገዛሁት ፎሶሊያ በፌስታል እንዳለ አልቦታል፤ አንዳንዱም መሙለጭለጭ ጀምሯል። ጾም ስለሆነ የምተካበት ነገር የለኝም። ዛሬ ዓርብ በከሰል ቀቅዬ በጠርሙስ ውስጥ አጥብቄ ብከድነው እስከ እሑድ ይቆይልኛል?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ አስቀድሞ የያዝሽውን ነገር ማወቅ ይገባል። ፎሶሊያና ቦሎቄ አንድ ተክል ሲሆኑ፣ ልዩነታቸው ፎሶሊያው ፍሬው ሳይጠና ከነልጣጩ መለቀሙ ነው። መቶ ግራም ጥሬ ፎሶሊያ 31 ያህል ካሎሪ፣ 3 ግራም ገደማ አሰርና 12 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን 2 ግራም እንኳ ስለማይሞላ በጾም ወቅት የምስርና የሽሮ ምትክ ሊሆን አይችልም። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ቫይታሚን ኬም ስላለው፣ ከማኅበርተኞችሽ መካከል ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ካለ የሚመገበውን መጠን በድንገት ከፍና ዝቅ ባያደርግ ይመረጣል።

የፒያሳው፦ የኔታ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ፎሶሊያው ደርቆ ቦሎቄ ይሆናል! እህቴ፣ ቀቅለሽ በጠርሙስ ክደኚው፤ ጎረቤቶቻችን ቲማቲምን እንደዚያ ነው የሚያቆዩት።

የአዘዞዋ፦ እኔም በጠርሙሱ እስማማለሁ፤ አየር እንዳይገባው ከላዩ ዘይት አፍስሺበት።

ባለ ጓሮው፦ ለመሆኑ ስንት ኪሎ ነው? ደግሞም ጥፋቱን በመብራቱ ላይ ብቻ አታሳቢ፤ ያበላሸው ፌስታሉ ነው። ፎሶሊያ እርጥበት ታፍኖበት ሲያልበው ይሙለጨለጫል፤ ብዙ ብርድም ስለማይስማማው በጣም በቀዘቀዘ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለቀናት ሲሰነብት ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦ እህቴ፣ እባክሽ በጠርሙስ አትዝጊው። ቲማቲም ኮምጣጣ በመሆኑ ከፎሶሊያ ጋር አይነጻጸርም፤ ፎሶሊያ አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ፣ አየር በሌለበት ክድን ዕቃ ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ለሞት ሊያደርስ የሚችል የምግብ መመረዝ የሚያስከትለውን መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። የዚህ ባክቴሪያ ስፖር (ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጹ) በተለመደው መቀቀል አይሞትም፤ ከ116 እስከ 121 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት በልዩ የግፊት ድስት ውስጥ ይፈልጋል፤ ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃችን የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ምግቡ ተመርዞም ሽታውና ጣዕሙ ላይለወጥ ይችላል። ከላይ የሚፈሰው ዘይትም አየሩን ይበልጥ ስለሚከለክል ነገሩን ያብሰዋል።

ይልቁንስ የተሙለጨለጨውንና የሸተተውን ለይተሽ ጣዪ፤ ሲሰብሩት ቀጭ የሚለውን ደግሞ ሳታጥቢ ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ ሰፌድ ላይ አሳሺው። ያለ ማቀዝቀዣ ከበሰለው ይልቅ ጥሬው የተሻለ ስለሚቆይ፣ ቢጠወልግም እንኳ ቅዳሜ ማታ ቀንጥሰሽ አዘጋጅተሽ እሑድ ጠዋት አጥበሽ ሥሪው።

የፒያሳው፦ እኔም እንደዚያው ሰፌድ ላይ ይሰጣ እላለሁ።

ባለ ጓሮው፦ አሁን ገና?

ጠያቂዋ፦ ስድስት ኪሎ ነው። ለይቼ አስጥቼዋለሁ፤ ከግማሽ በላይ ደኅና ነው። ከካሮት ጋር ሲበስል አረንጓዴነቱ እንዳይጠፋ ሶዳ ብጨምርበትስ? ልጆቹ ደግሞ ጥሬውን እያነሡ ይቆረጥማሉ።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦ ጥሬውን ከልክያቸው፤ ሆድ የሚያውክ ሌክቲን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፣ እርሱም በደንብ ሲቀቀል ይጠፋል። ሶዳው ቀለሙን ቢያቆይም ፎሶሊያውን ያልመዋል፤ ቫይታሚን ሲውንም ይቀንሰዋል። መልኩን የሚያደበዝዘው አሲድና ረጅም እሳት ስለሆነ፣ ቲማቲም የምትጨምሪ ከሆነ ከሽንኩርቱ ጋር ለብቻ አብስለሽ፣ በመጠኑ ከተቀቀለው ፎሶሊያና ካሮት ጋር ልታወጪ ስትይ አዋሕጂው። በእኛ ከፍታ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ስለሚበስል፣ አንዱን ቀምሰሽ ጥሬነቱ መልቀቁን ሳታረጋግጪ አታውጪው።