«የፖሊስ ወረቀት ካላመጣች» አሉን፤ ሕጉ እንዲህ ይላል?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። አብራኝ የምትሠራ የ19 ዓመት ልጅ ተደፍራ አርግዛለች። ቁልፍ ስትተክል መርፌው ደጋግሞ ጣቷን ሲወጋት አይቼ ነው የጠየቅኋት። ወደ አንድ ጤና ተቋም ብወስዳት «መጀመሪያ የፖሊስ ማስረጃ» አሉ። ልጅቷ ፖሊስ የሚለውን ስትሰማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቀረች። ውርጃ ወንጀል ነው ሲባል ነው ያደግሁት። እውነት ትታሰራለች?

መልስ 1፦ እትዬ፣ አትታሰርም። ኮምቦልቻ በአዋላጅነት እሠራለሁ። ውርጃ ዛሬም በወንጀል ሕጉ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በአንቀጽ 551 በር ከፍቷል። ከመደፈር ወይም ከዘመድ የተጸነሰ ከሆነ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ሌሎችም አሉ። አንቀጽ 552 ደግሞ ለተደፈረች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። ወረቀት የጠየቃችሁ ሰው ወይ ሕጉን አላነበበም ወይ ለራሱ ፈርቷል። ሁለተኛው ይመስለኛል፤ «ወንጀል» የሚለው ቃል እኛንም ያስፈራናል። ሌላ ቦታ ይውሰዷት፣ ግን ዛሬ ነገ አይበሉ።

መልስ 2፦ ታዲያ ደፋሪው በነፃ ሊሄድ ነው?

መልስ 1፦ አይደለም ወንድሜ፤ ክሱ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ሕክምናዋ ግን እርሱን አይጠብቅም።

ጠያቂዋ፦ ዛሬ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ በር ዘግታ ቃሏን ጻፈች፤ ወረቀት አልጠየቀችም። ስንመለስ ፒያሳ ሻይ ጠጣን። ልጅቷ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረች፤ ዝም አልኋት።