ከወንበር ስነሳ ኮምፒውተሩን ቶሎ የምቆልፈው እንዴት ነው?

ጠያቂዋ፦ የምሠራው ደመወዝ ክፍል ነው። ጠረጴዛዬ በሩ አጠገብ ስለሆነ ፊርማ ለማስፈረም ብድግ ባልኩ ቁጥር አንዱ አንገቱን አስግጎ የሰው ደመወዝ ያነባል። ዊንዶውስ 10 ነው። በመዳፊት ከመንከራተት የሚሻል ዘዴ አለ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤልን አብረሽ ተጫኚ፤ አለቀ። የዊንዶውሱ ቁልፍ በስተግራ፣ ኤል በስተቀኝ ስለሆኑ ሁለት እጅ ይፈልጋሉ። በስተቀኝም የዊንዶውስ ቁልፍ ካለሽ ግን ፋይል ታቅፈሽም በአንድ እጅ ትቆልፊያለሽ። የከፈትሽው ሰነድ አይዘጋም፤ ቢሆንም ሥራሽ እንዲቀመጥ ኮንትሮልና ኤስን ቀድመሽ ተጫኚ፣ መብራት ሲሄድ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። መግቢያሽ የይለፍ ቃል ከሌለው ደግሞ መቆለፉ ለይስሙላ ነው።

መልስ 2፦ ሳትነሺ ሰው ከመጣብሽ የዊንዶውስ ቁልፍና ዲ መስኮቶቹን ሁሉ ይሰውራል፤ ደግመሽ ስትጫኚ ይመልሳቸዋል። እኔ የምወደው ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ዲን ነው፦ ሌላ ባዶ ዴስክቶፕ ይከፍታል። በዊንዶውስ፣ በኮንትሮልና በቀስት ቁልፎች ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ ነው።

መልስ 3፦ ማክ ላይ ኮንትሮል፣ ኮማንድና ኪው ነው። ኮንትሮልን ከዘለላችሁ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል!

ጠያቂዋ፦ የቀኙ ቁልፍ የእኔ ላይ የለም። እስክሪብቶዬን ጥርሴ ላይ ይዤ በሁለት እጅ ቆለፍኩት፤ ይሠራል።